ዝም ብሎ የነገሠው፣ ዝም ብሎ የሄደው

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1981፣ ኒው ዮርክ። በፍላሺንግ ሜዶ የተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ሲያበቃ ጆን ማኬንሮ ቢዮርን ቦርግን 3 ለ 1 አሸንፏል። ስዊድናዊው ወደ መረቡ ሄዶ የአሸናፊውን እጅ ጨበጠ፤ ዕቃውን ሰበሰበ፤ የሽልማት ሥነ ሥርዓቱ ሳይጀመርም ከሜዳው ወጥቶ ሄደ። የሁለተኛነት ሽልማቱን አልጠበቀም፤ ለተሰበሰቡት ጋዜጠኞችም መግለጫ አልሰጠም። በውድድሩ ሰሞን በስልክ የሞት ዛቻ ደርሶበት ስለነበር «ፈርቶ ነው» ያሉ ብዙዎች ናቸው። «ሽንፈቱ አንገብግቦት ነው» ያሉም አልጠፉም። ይህ ጨዋታ በታላላቆቹ የግራንድ ስላም ውድድሮች የመጨረሻው ይሆናል ብሎ የገመተ ግን አልነበረም። ቦርግ በዚያን ቀን ገና 25 ዓመቱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሜዳው የወጣው ሰው እስከዚያ ዕለት ድረስ የፈረንሳይን ኦፕን 6 ጊዜ፣ ዊምብልደንን ደግሞ በተከታታይ 5 ጊዜ አሸንፏል። በሙያው ዘመን ከገባባቸው 27 የግራንድ ስላም ውድድሮች 11ዱን ወስዷል። ከቴኒስ ጋር ጨርሶ ትውውቅ የሌለው አውሮፓዊ ሳይቀር ረጅም ወርቃማ ጸጉሩንና የግንባር ማሰሪያውን አይቶ ይለየው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜው አፍላ ለምን ጥሎ ይሄዳል? ጥያቄው ለአሥርተ ዓመታት የስፖርት ጸሐፊዎችን ሲያነጋግር ኖሯል። መልሱ ግን ከሩቅ የሚፈለግ አልነበረም። ሕዝብ ቦርግን የወደደበት ያ እርጋታ እሱን ለሄደበትም መንገድ ዳርጎታል።

የጋራዡ በር

ቢዮርን ቦርግ የተወለደው ጁን 6 ቀን 1956 በስቶክሆልም ሲሆን፣ ያደገው ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሶደርቴልየ ነው። አባቱ ሩነ ቦርግ ጎበዝ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ነበሩ። አንድ ጊዜ በከተማው ውድድር አሸንፈው ወርቃማ የሜዳ ቴኒስ ራኬት ተሸለሙ። ለእሳቸው ብዙም የማትጠቅመውን ራኬት ለአንድያ ልጃቸው ሰጡት። ልጁ ወዲያው ወደ ከተማው ክለብ ቢሮጥም የጀማሪዎቹ ቡድን ሞልቶ ስለነበር ቦታ አጣ። ስለዚህ የቤታቸውን የጋራዥ በር ተጋጣሚው አደረገው። ኳሷ ከበሩ ነጥራ በመጣች ቁጥር በአእምሮው የአገሮች ውድድር የሆነው የዴቪስ ካፕ ፍጻሜ ይካሄዳል፤ እሱ ስዊድን ነው፣ በሩ አሜሪካ።

በክረምት ደግሞ እንደ አብዛኞቹ የአገሩ ልጆች አይስ ሆኪ ይጫወታል። የሆኪ ዱላ በሁለት እጅ ተይዞ ከወገብ በመዞር የሚመታ ነው። ልጁ ያንኑ አመታት ወደ ቴኒስ ሜዳ ይዞት መጣና ባክሃንዱን በሁለት እጁ መምታት ያዘ። ያን ጊዜ አሠልጣኞች ይህን እንደ ጉድለት ነበር የሚቆጥሩት። የመጀመሪያው አሠልጣኙ ፔርሲ ሮስበርግ ግን የሚያስተውል ሰው ነበርና አመታቱን እንዲቀይር አላስገደደውም። ዛሬ ሁለት እጅ ያልያዘ ባክሃንድ ማየት ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ የአንድ አሠልጣኝ ጣልቃ አለመግባት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይታያል።

ከልጅነት ታሪኩ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ዓለም «የበረዶ ሰው» ብሎ ያወቀው ቦርግ በ12 ዓመቱ ገደማ ቁጡና ተሳዳቢ ልጅ ነበር። ኳስ ሲወጣበት ይጮኻል፤ ራኬት ይወረውራል። በመጨረሻ ክለቡ ለወራት አገደው፤ ወላጆቹም አፍረውበት ራኬቱን ቆለፉበት። እሱ ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ቅጣቱ ሲያልቅ ወደ ሜዳ የተመለሰው ሌላ ልጅ ሆኖ ነው። ሁለተኛ እንዳይታገድ ፈርቶ አፉን ዘጋ፤ ንዴቱን በሆዱ ይዞ መጫወት ጀመረ። ሰው ሁሉ ከተፈጥሮው እንደመጣ የቆጠረው እርጋታ በልጅነት የተገዛ ዕቃ ነበር። ዋጋውም በየዕለቱ ይከፈላል።

ከድሉ በፊት የመጣው ዝና

በ1972 ገና 15 ዓመቱ ሳለ የስዊድን የዴቪስ ካፕ ቡድን መሪ የነበረው ሌናርት በርጌሊን በብሔራዊ ቡድን አሰለፈው። በባህር ዳሯ በቦስታድ ከተማ ልምድ ያለውን የኒው ዚላንድ ተጫዋች ኦኒ ፓሩንን በአምስት ዙር አሸነፈ። በዚያው ዓመት የዊምብልደንን የወጣቶች ዋንጫ ወሰደ። በርጌሊን ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ፣ የጉዞ ጓደኛው፣ የራኬቱን ጅማት ተቆጣጣሪው፣ ስልክ መላሹ ሆነ። እነዚህን ሁሉ ሥራዎች ዛሬ አንድ ሙሉ ቡድን ነው የሚሠራቸው።

ቦርግን ከስዊድን ውጭ ያስተዋወቀው የ1973ቱ ዊምብልደን ነው። ዩጎዝላቪያዊው ኒኪ ፒሊች በአገሩ የቴኒስ ፌዴሬሽን በመታገዱ ከሰማንያ በላይ ታላላቅ ተጫዋቾች ውድድሩን ረግጠው ወጡ። ከዋክብቱ በሌሉበት ሜዳ የ17 ዓመቱ ስዊድናዊ በስድስተኛ ደረጃ ተመድቦ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ በእንግሊዛዊው ሮጀር ቴይለር በአምስት ዙር ተሸነፈ። የለንደን ጋዜጦች ግን ስለ ሽንፈቱ ሳይሆን ስለ ተከተሉት የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ነበር የጻፉት። ልጃገረዶቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ፣ ጸጉሩን ለመንካት ይጋፋሉ። ነጭ ልብስና ለስላሳ ጭብጨባ የለመደው ዊምብልደን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ልጁ ከሜዳ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚሄደው በፖሊስ ታጅቦ ነበር።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። ዝናው ከድሉ በፊት ነው የመጣው። የመጀመሪያውን ግራንድ ስላም ያሸነፈው በ1974 በፓሪስ ሲሆን፣ 18ኛ ዓመቱን ከደፈነ ቀናት ብቻ አልፈው ነበር። በፍጻሜው ስፔናዊው ማኑዌል ኦራንቴስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ወሰደበት። ቦርግ ቀሪዎቹን ሦስት 6 ለ 0፣ 6 ለ 1 እና 6 ለ 1 አሸነፈ። በ1975 ፓሪስን ደገመው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ በስቶክሆልም ቼኮዝሎቫኪያን ሲገጥሙ ሁለቱንም የነጠላ ጨዋታዎች፣ ከኦቨ ቤንግትሶን ጋር ሆኖም የጥንዱን አሸንፎ ለስዊድን የመጀመሪያውን የዴቪስ ካፕ አስገኘ። የጋራዡ በር ጨዋታ በዘጠኝ ዓመት ገደማ ውስጥ እውነት ሆነ።

በሣርም በአፈርም

የቦርግ አጨዋወት ምሥጢር ኳሷን ከታች ወደ ላይ እየጠረገ በመምታት የሚያሽከረክርበት «ቶፕስፒን» ነው። ኳሷ ከመረቡ በላይ ከፍ ብላ ታልፋለች፤ ከዚያም በሽክርክሪቷ ምክንያት ድንገት ወደ ሜዳው ትወድቅና ወደ ላይ ትነጥራለች። ከመረቡ ርቃ ስለምታልፍ ስሕተት ይቀንሳል፤ ተጋጣሚውም ትከሻው ላይ የደረሰች ኳስ ለመምታት ይቸገራል። ለዚህ የእንጨት ራኬቱን ጅማት ሌሎች ከሚወጥሩት እጅግ አብልጦ፣ እስከ 80 ፓውንድ ድረስ ያስወጥር ነበር። ጅማቱ ሌሊት በሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ተበጥሶ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳቸው እንደነበር በርጌሊን ይናገር ነበር። በዚያ ላይ ሩጫው ነው። አንድ ሰዓት ይሁን አራት፣ የቦርግ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ያየ የለም።

ይህ አጨዋወት የተሠራው ኳስ ቀስ ብላ ከፍ ለምትነጥርበት ለቀይ አፈር ሜዳ ነው። የሣር ሜዳ ግን ጠላቱ መሆን ነበረበት። በሣር ላይ ኳስ ዝቅ ብላ ትንሸራተታለች፤ ድሉም ኃይለኛ ሰርቭ መትቶ ወደ መረቡ የሚሮጥ ሰው ነበር። በፓሪስና በለንደን ውድድሮች መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ቦርግ በእነዚያ ቀናት በሰሜን ለንደን ሃምስቴድ በሚገኘው ከምበርላንድ ክለብ ራሱን ዘግቶ፣ ከወዳጁ ከቪታስ ጌሩላይቲስ ጋር በሣር ላይ ለሰዓታት ይለማመድ ነበር። ሰርቩን አጠነከረ፤ ወደ መረብ መሄድ ተማረ። በ1976 የሆድ ጡንቻው እየታመመ አንድ ዙር እንኳ ሳይሸነፍ የመጀመሪያውን የዊምብልደን ዋንጫ ወሰደ፤ በፍጻሜው የረታው ሩማንያዊውን ኢሊ ናስታሴን ነው። በ1977 እና በ1978 ጂሚ ኮነርስን፣ በ1979 ሮስኮ ታነርን አሸነፈ። በ1978፣ በ1979 እና በ1980 ፓሪስንና ለንደንን በአንድ በጋ አጣምሮ ወሰደ። ከእሱ በኋላ ይህን ድርብ ድል ወንድ ተጫዋች እስኪደግመው፣ ራፋኤል ናዳል በ2008 እስኪመጣ ድረስ 28 ዓመት ተቆጥሯል።

በዊምብልደን ሰሞን ጢሙን አይላጭም። የሚቀመጥበት ወንበርና ልብሱን የሚያኖርበት ቁም ሳጥን አይለወጥም። ደጋፊዎቹ ይህን እንደ ጨዋታ ማጣፈጫ ይወዱት ነበር። ለእሱ ግን ራሱን ጨምድዶ የሚይዝበት ሥርዓት ነበር፤ በሜዳ ላይ የማይወጣው ጭንቀት በእነዚህ ትናንሽ ልማዶች በኩል መተንፈሻ ያገኛል።

ጁላይ 5 ቀን 1980

ቦርግን አፈ ታሪክ ያደረገው የ1980ው የዊምብልደን ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚው የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ጆን ማኬንሮ በጸባዩ የቦርግ ተቃራኒ ነው፤ ዳኛ ይሰድባል፣ ራኬት ይሰብራል። በዚያው ሳምንት ከኮነርስ ጋር ባደረገው ግማሽ ፍጻሜ ባሳየው ጠባይ የተነሳ ወደ ሜዳ ሲገባ ታዳሚው ጮኾበታል። ቦርግ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 1 ተሸንፎ ቀጣዮቹን ሁለት አሸነፈ። በአራተኛው ዙር 5 ለ 4 እየመራ ለድል ሁለት ነጥብ አገኘ፤ ማኬንሮ ሁለቱንም አዳነ። እኩል የሆነውን ዙር ወደሚለየው ታይብሬክ ሄዱ። ከ20 ደቂቃ በላይ የፈጀውና 34 ነጥብ የተቆጠረበት ይህ ታይብሬክ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳ ነው። ቦርግ በዚያ ውስጥ ሌላ አምስት ጊዜ ለዋንጫው አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር። አምስቱም አመለጡት፤ ማኬንሮ 18 ለ 16 አሸነፈ።

ሰባት ጊዜ ዋንጫውን በእጁ ጫፍ ነክቶ ያጣ ሰው በአምስተኛው ዙር ይፈርሳል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ቦርግ ግን ሰርቩን አንድም ጊዜ ሳያስነጥቅ ተጫውቶ 8 ለ 6 ጨረሰና በጉልበቱ ተንበረከከ። ጨዋታው 3 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ፈጅቷል። ቆየት ብሎ እንደገለጸው፣ ከዚያ ታይብሬክ በኋላ እንደሚሸነፍ ተሰምቶት ነበር፤ ይህንን በፊቱ ላይ ያነበበ ግን አልነበረም።

ማኬንሮ ከቦርግ ጋር ሲጫወት አይጮኽም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። እሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ በ1979 በኒው ኦርሊንስ ሲጋጠሙ ቁጣው ሲገነፍል ቦርግ ወደ መረቡ ጠራው። ይሰድበኛል ብሎ ሲጠብቅ ክንዱን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጨዋታው ግሩም እየሆነ ስለሆነ ተረጋጋ አለው። ከዚያ ወዲህ አከበረው። ሁለቱ በይፋ 14 ጊዜ ተገናኝተው ሰባት ለሰባት ተለያይተዋል።

ወርቅ የሆነው ዝምታ

ቦርግ የተነሳበት ዘመን ለዝናው አመቺ ነበር። ቴኒስ በ1968 ለፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከተከፈተ ወዲህ ገንዘብ መጉረፍ ጀምሯል፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ዊምብልደንን በየሳሎኑ አስገብቷል። ስዊድን ያኔ ሁለት የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ነበራት፤ ስለዚህ አገሩ በሙሉ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ያይ ነበር። በክረምት የሚታየው የበረዶ ሸርተቴው ኢንገማር ስቴንማርክ፣ በበጋ ቦርግ ነው። ሁለቱም በ1956 የተወለዱ፣ ሁለቱም ቁጥብ አንደበት ያላቸው ናቸው። ጉራን በማይወድ ማኅበረሰብ ውስጥ ዓለምን አሸንፎ የማይኩራራ ልጅ ሁሉም የራሱ ልጅ አድርጎ ይቆጥረዋል።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ይላል የእኛ ሰው፤ ለቦርግ ቃል በቃል ወርቅ ሆኖለታል። ጣሊያናዊው ፊላ በቀጭን መስመር ያጌጠ ሸሚዙን፣ ቤልጂጋዊው ዶኔ ራኬቱን በእሱ ስም ሸጡ። ብዙ የማይናገር ሰው ለማስታወቂያ ይመቻል፤ ገበያው የፈለገውን ትርጉም ፊቱ ላይ ይጽፍበታል። ከፍተኛውን የስዊድን ግብር ሸሽቶ መኖሪያውን ወደ ሞናኮ ማዛወሩ በአገሩ ቢያስነቅፈውም ፍቅሩን አላጠፋውም። በጁላይ 1980፣ ከታላቁ ድል ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ ሩማንያዊቷን ተጫዋች ማሪያና ሲሚዮኔስኩን በቡካሬስት ሲያገባ የዓለም ካሜራ ተከትሎት ሄዷል።

በ1981 በዊምብልደን ፍጻሜ ማኬንሮ አሸነፈውና 41 ጨዋታ የዘለቀው የማሸነፍ ጉዞው ተገታ። ቦርግን ያስደነገጠው ሽንፈቱ አልነበረም፤ ስለ መሸነፉ ምንም አለማዘኑ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በኒው ዮርክ የሆነው የዚህ ተከታይ ነው። በ1982 ዕረፍት ፈልጎ የሚጫወትባቸውን ውድድሮች ሲቀንስ፣ የውድድር አስተዳዳሪዎቹ ቢያንስ በ10 ውድድሮች ለመሳተፍ ያልፈረመ ተጫዋች በማጣሪያ ይግባ አሉ። አምስት ጊዜ ያሸነፈውን ዊምብልደን በማጣሪያ እንዲጀምር መጠየቁን አልተቀበለም። በጃንዋሪ 1983 በ26 ዓመቱ ቴኒስን በይፋ ተሰናበተ። ማኬንሮ እንዲመለስ ለምኖት ነበር፤ ያለ እሱ ጨዋታው ጎድሎብኛል ሲል እስከ ዛሬ ይናገራል።

ከሜዳ ውጭ

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ከባድ ነበሩ። ትዳሩ በ1984 ፈረሰ። በስሙ ያቋቋመው የልብስ ንግድ በ1990 አካባቢ ተንኮታኮተ። ስሙን የያዘው የውስጥ ልብስ ግን በሌሎች እጅ አንሰራርቶ በስዊድን በሰፊው የሚታወቅ ምርት ሆኗል። በ1991 ወደ ውድድር ሲመለስ ሌሎቹ በግራፋይት ራኬት በሚጫወቱበት ዘመን እሱ የጥንቱን የእንጨት ራኬት ይዞ ሞንቴ ካርሎ ወጣ፤ ስፔናዊው ዦርዲ አሬሴ በቀላሉ አሸነፈው። እስከ 1993 ቢሞክርም አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ ተወው። በ2006 የዊምብልደን ዋንጫዎቹንና ራኬቶቹን በለንደን ሐራጅ ሊሸጥ ተነሳ። ማኬንሮ ስልክ ደውሎ አብደሃል ወይ ብሎ ተቆጣው፤ ሽያጩም ቀረ።

በሴፕቴምበር 2025 ከባለቤቱ ከፓትሪሲያ ጋር የጻፈው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ወጣ። በ69 ዓመቱ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሱሱ፣ በ1989 በሚላን ለሞት ስለተቃረበበት ሌሊት፣ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ሕክምናው በግልጽ ተናገረ። ሆድ ይፍጀው ብሎ የኖረው ሁሉ ወጣ።

ለተከታዮቹ የተረፈው

የቦርግ ትልቁ ውርስ በስዊድን የተፈጠረው የተጫዋች ትውልድ ነው። እሱ ባልተገኘበት የ1982ቱ የፈረንሳይ ኦፕን የ17 ዓመቱ ማትስ ቪላንደር አሸነፈ። ስቴፋን ኤድበርግ ተከተለ። ከ1983 እስከ 1989 ስዊድን ከዴቪስ ካፕ ፍጻሜ ቀርታ አታውቅም፤ ሦስት ጊዜም ዋንጫውን ወስዳለች። ቦርግ፣ ቪላንደርና ኤድበርግ ሦስቱ ብቻቸውን 24 የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫ አላቸው። ይህ ሁሉ ከ10 ሚሊዮን በታች ሕዝብ ከነበራት፣ የዓመቱን ግማሽ በብርድ ከምታሳልፍ አገር የወጣ ነው።

ወጣቶቹ ከቦርግ የወሰዱት ሁለት እጅ ባክሃንዱን ብቻ አይደለም። በ1981 የስዊድን ፌዴሬሽን በአንድ የግንባታ ድርጅት ድጋፍ ቪላንደርን፣ አንደርሽ ያሪድን፣ ዮአኪም ኒስትሮምንና ሃንስ ሲሞንሶንን በአንድ ቡድን አዋቅሮ፣ በአንድ አሠልጣኝ ሥር አብረው እንዲጓዙ አደረገ። አብረው ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ አንዱ ሲሸነፍ ሌላው ያጽናናዋል። ቦርግ ከበርጌሊን ጋር ለብቻው የተሸከመውን ሸክም አራት ሆነው ተካፈሉት።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የ1981ዱ የኒው ዮርክ መውጫ እንቆቅልሽነቱ ይቀንሳል። በማርች 2022 አውስትራሊያዊቷ አሽሊ ባርቲ የዓለም ቁጥር አንድ ሳለች፣ የአገሯን ኦፕን ባሸነፈች በሁለት ወሯ፣ እሷም በ25 ዓመቷ ቴኒስን ተሰናበተች። ሰውነቴም አእምሮዬም የሚሰጠው የለም አለች፤ ዓለምም በአክብሮት ሸኛት። ቦርግ ያንኑ ነገር ከ41 ዓመት በፊት ሲያደርግ ዛሬ የለመድነው ስለ ድካም የመናገር ነፃነት አልነበረም፤ ፍርሃት፣ ኩርፊያ፣ ትዕቢት ተብሎ ተተረጎመበት። ዋንጫዎቹን ናዳል፣ ፌደረርና ጆኮቪች አልፈዋቸዋል። ስለ ድካሙ የሚናገር ተጫዋች ዛሬ ሰሚ ማግኘቱ ግን፣ እሱ ሳይናገር የከፈለው ዋጋ ለስፖርቱ ካስተማረው ትምህርት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።